ሽቶ የማይነካው እጅ

ዓሚ ኑሩ መሞታቸውን የሰማሁት እጄ ጓንት ውስጥ ሳለ ነው። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ደጋግማ ጮኸች፤ አላነሳኋትም። የታጠበ ብረት ፊቱ ተደርድሮ ስልክ የሚነካካ ሰው እሳቸው ዘንድ ከሰው አይቆጠርም ነበር። ብረቱን እቶን ውስጥ ደርድሬ፣ ክዳኑን ዘግቼ፣ ጓንቴን አውልቄ ስወጣ ልጃቸው ሐናን በዋትሳፕ የላከችውን ድምፅ አገኘሁ። "ያ ዓሚ ሙሄ፣ አቡያ ተወፋ" ትላለች በዐረብኛ። አባቴ አረፈ ማለቷ ነው። ከዚያ እያለቀሰች አማርኛዋን ፈለገችና "ወሎ ቀበሩት፤ እኔ ሳላየው ቀበሩት" አለች።

ግድግዳ ተደግፌ ቁጭ አልኩ። "ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" አልኩ፤ ወዲያው ደግሞ ንዴት ያዘኝ። መካ ተወልዶ፣ መካ አርጅቶ፣ "መካ ቅበረኝ" የሚለው ዱዓ ከአፉ ሳይለይ የኖረ ሰው፣ በልጅነቱም በጎልማሳነቱም አይቶት በማያውቅ አገር ተቀበረ። የተናደድኩት በማን እንደሆነ ዛሬም በውል አላውቀውም።

"ዓሚ" እዚህ ሳዑዲ ለታላቅ ሰው የሚሰጥ የአክብሮት ስም ነው፤ አጎቴ እንደ ማለት። ዓሚ ኑሩ የሁላችንም አጎት ነበሩ። አባትና እናታቸው ከወሎ ለሐጅ መጥተው በዚያው የቀሩ ናቸው። እሳቸው መካ ውስጥ ሚስፈላ ሰፈር ተወልደው፣ ሩሰይፋ ሰፈር ጎጆ ወጥተው ልጅ አሳድገው፣ በየጠዋቱ ከመካ ጅዳ እየወረዱ ይሠሩ ነበር። ወሎን በዓይናቸው አላዩም ነበር። አማርኛቸው ግን ከእኔ ይበልጥ የወሎ ነበር፤ ከእናታቸው አፍ እንደወጣ የቀረ፣ እኛ አገር ቤት ሆነን የጣልነው አማርኛ። "ሙሄ፣ ቦርከና ዛሬም ይሞላል?" ይሉኛል ቁርስ ላይ። "ይሞላል፣ ዓሚ" ስላቸው ትናንት የተሻገሩት ይመስል "አይ ቦርከና!" ብለው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

ይህ ሁሉ ግን ለወሬ ነው እንጂ ወሎ መሄድን አይመኙም ነበር። መካ ቢወለዱም ዜግነት የላቸውም። የሚኖሩት በኢቃማ፣ በመኖሪያ ፈቃድ ነው፤ ኢቃማው ደግሞ በሥራቸው ላይ የታሰረ ነው። ከፊሉ፣ ዋስ የሆናቸው አሠሪ፣ አላድስም ያለ ቀን የተወለዱባትን ከተማ ለቀው መውጣት ነው። ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። "እንግዳ ሆኜ ተወለድኩባት፤ እንግዳ ሆኜ ልቀበርባት። ከዚህ ሌላ አልለምንም" ይሉ ነበር።

ሥራችን ለሰው ሲያስረዱት ያስቸግራል። ጅዳ ካራንቲና ሰፈር አብረውኝ የሚኖሩት የአገሬ ልጆች "ብረት ወርቅ ትቀባላችሁ አሉ" እያሉ ይቀልዱብኛል። ብንቀባማ በቀለለን። እኛ የማይዝገውን ብረት አጥበን እቶን ውስጥ እንደረድራለን፤ አየሩን አስወጥተን ብረቱ እስኪፋጅ እናግለዋለን። ከዚያ የታይታኒየም ትነት ከናይትሮጅን ጋር ቀላቅለን እንለቅበታለን። ጋዙ የጋለውን ብረት ሲነካ ጋዝነቱን ትቶ እላዩ ላይ ይቀመጣል፤ ከፀጉር በጣም የቀጠነ ቆዳ ይሆናል፣ መልኩ ወርቅ የመሰለ። ያ ቆዳ አንዴ ከያዘ በሚስማር ቢጭሩት የሚሸነፈው ሚስማሩ ነው። የበር እጀታ፣ የቧንቧ መክፈቻ፣ የክፍል ቁጥር የሚጻፍበት ሰሌዳ እንሠራለን፤ አብዛኛው መካ ላሉ ሆቴሎች ነው።

የሥራው ጠላት የሰው እጅ ነው። ከታጠበ በኋላ በባዶ እጅ የተነካ ብረት እቶን ሲገባ የጣቱ ቅባት ይከስልና ቆዳው እዚያ ላይ ይጠቁራል፤ አንዳንዴም ይላጣል። ስለዚህ ዓሚ ኑሩ የራሳቸውን ሥርዓት አወጡ። ብረት ሲታጠብ ቢስሚላህ ተብሎ ከቀኝ ረድፍ ይጀመራል፤ ሦስት ሦስት ጊዜ ይለቀለቃል። ከዚያ ለሰላት እንደታጠበ ሰው "ውዱእ አደረገ" ይላሉ። ያንን ብረት በባዶ እጁ የነካ ሰው ወዮለት። "ውዱኡን አፈረስክበት!" ብለው ይጮሁበታል፣ ብረቱም እንደ አዲስ ይታጠባል። አንድ ጊዜ ዘመዳቸው የሆኑ ሼህ ይህን ሰምተው "ደግሞ ብረት ምን ሊሰግድ ነው?" ብለው ቢቆጧቸው፣ "ሰላቱስ የኛ ነው፤ እሱ ንጽሕናውን ብቻ ነው የተዋሰን" ብለው አሳቋቸው።

እዚህ አገር ወንድ ልጅ ጁምዓ ቀን ሽቶ ሳይነካ አይወጣም። መስጊድ በር ላይ የማያውቅህ ሰው የዑድ ዘይቱን አውጥቶ መዳፍህ ላይ ያሽልሃል፤ እምቢ ማለት ነውር ነው። ዓሚ ኑሩ እምቢ ይላሉ። የዑድ ዘይት ቆዳ ውስጥ ሰርጎ እንደሚቀር፣ በሳሙናም እንደማይለቅ ያውቃሉ። ሽቶ ጠልተው አይደለም፤ እንዲያውም ብልቃጡን ተቀብለው ዓይናቸውን ጨፍነው ያሸቱና፣ ልጇን አቅፋ ለሰው እንደምትመልስ እናት ቀስ ብለው ይመልሳሉ። ለሐጅ ወይም ለዑምራ ነይቶ በኢህራም ላይ ያለ ሰው ሽቶ አይነካም። ስለዚህ ወርክሾፑ ውስጥ "ዓሚ ኑሩ ከኢህራም ሳይወጡ አረጁ" እየተባለ ይተረት ነበር። እሳቸውም ይስቃሉ። "እወጣለሁ፣ ምን ቸኮላችሁ! ሐናንን የዳርኩ ቀን እወጣለሁ።"

ሰውም አይጨብጡም። መጀመሪያ የተዋወቅን ቀን እጄን ብዘረጋ እሳቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አጎነበሱ። ደሜ ፈላ። "መካ የተወለደ ሐበሻ፣ የመን አቋርጦ የመጣውን ገጠሬ ናቀኝ" ብዬ ቀኑን ሙሉ ስነጫነጭ ዋልኩ። ማታ ልንወጣ ስንል ጠጋ አሉና፣ "አትቀየመኝ፣ ያ ሙሄ። እጅህን ጠልቼ አይደለም፣ ቅባቱን ፈርቼ ነው" አሉኝ። "ሥራ ካለቀ በኋላስ?" አልኳቸው፣ ነገር ፈልጌ። እንዲህ አሉኝ፦ "እጅ ልማድ ነው። ማታ ከፈቀድክለት ጠዋት ይረሳል።" ከዚያ ያንኑ እጃቸውን አሳዩኝ። የቀኝ እጃቸው ሌባ ጣት ጫፍ የለውም፤ በወጣትነታቸው የብረት መጭመቂያ በልቶባቸዋል። "ሌባውን አስቀድሞ አላህ ወሰደልኝ፤ በስርቆት አልጠረጠርም" ብለው ሳቁ። እኔም ሳልወድ ሳቅሁ፤ ኩርፊያዬም በዚያው ቀረ።

ቁጣቸው ለብቻው የሚወራ ነው። ያ ትነት የሚወጣበት የታይታኒየም ፈሳሽ የጅዳን እርጥብ አየር ካገኘ ነጭ ጭስ ይሆናል፤ ጉሮሮ ያቃጥላል። አንድ ከሰዓት መጋጠሚያው ላልቶ ጭሱ ሲወጣ እኛ እንደ ገጠር ቃጠሎ ወደ ውሃው ባልዲ ሮጥን። "ውሃ እንዳታመጡ! ውሃ አይወድም! ውጡ፣ ያላ!" ብለው በሩን አሳዩን። ጭምብላቸውን አጥልቀው ገብተው ቧንቧውን ዘጉት። ሲወጡ ዓይናቸው ቀልቶ ያስላሉ፤ እኛ "አልሐምዱሊላህ" ስንል እሳቸው ወለሉን እያዩ ነበር። "በጫማ የገባው ማነው?" አሉ። የማጠቢያው ክፍል እንደ መስጊድ በባዶ እግር የሚገባበት ነበር። ከሞት ተርፈን ስለ ጫማ ተቆጡን።

በጣም ደስ ብሏቸው ያየኋቸው አንድ ጁምዓ ነው። ሚስፈላ የሚሠራ አንድ አዲስ ሆቴል እጀታ አዞን፣ የመጀመሪያው ዙር ተገጥሞለት ነበር። ከሰላት በኋላ ይዘውኝ ሄዱና አዳራሹ ውስጥ ሶፋ ላይ ተቀመጥን። ምን ልናደርግ እንደመጣን አልገባኝም። እሳቸው በሩን ነው የሚያዩት። ናይጄሪያዊቷ ትገባለች፣ እጀታውን ትይዛለች። ኢንዶኔዢያዊው ሽማግሌ ይወጣል፣ ይይዛል። ሕፃን ልጅ ቴምር ባጣበቀ እጁ ይንጠለጠልበታል። "ተመልከት" አሉኝ በሹክሹክታ፣ "እኛ ስላልነካነው ዓለም ሁሉ ነካው። ከእቶን በፊት ሁሉም ይጎዳዋል፣ ከእቶን በኋላ ምንም አይጎዳውም።" ከቦርሳቸው የሻይ ፔርሙዝ አውጥተው ሊቀዱልኝ ሲሉ ዘበኛው መጣ። "እንግዳ ናችሁ?" ሲለን "አይ፣ የበሩ ቤተሰብ ነን" አሉት። አስወጣን። በገዛ እጀታቸው በሩን ከፍተው፣ እየሳቁ ወጡ።

የሐናን ኒካሕ የሆነው ረመዳን ሲቃረብ ነው። የዚያው ሆቴል የመጨረሻው ዙር እጀታ ዘግይቶ የሆቴሉ ሰዎች ሥራውን ከእጃችን ሊነጥቁን ደርሰዋል። በማግስቱ ዓሚ ኑሩ ከሠርጉ ቤት በቀጥታ ሥራ ገቡ። ገና ከበር ሽታቸው ቀደማቸው፤ ዑድ! ወርክሾፑ በእልልታ ተናጋ። "ከኢህራም ወጡ! ከኢህራም ወጡ!" አልን። እንደ ሙሽራ አፈሩ። "አማቾቼ ይዘው መዳፌን አሹኝ። የልጄ ቀን ነው፣ እንዴት እምቢ ልበል?" በሎሚ፣ በሳሙና፣ በአልኮል ታጥበው ነበር። እንደገናም ታጠቡ፤ ጓንታቸውንም አጠለቁ፤ ብረቱን አብረን ደረደርን። ጓንቱ ግን ከጥጥ ነው። ክፍሉ ይሞቃል፣ እጅ ያልባል፣ ዘይቱም ከቆዳቸው ወጥቶ ጥጡን አልፎ ሄደ። ይህን ያወቅነው እቶኑ ቀዝቅዞ ክዳኑ ሲነሳ ነው።

አንድ ረድፍ ሙሉ እጀታ ተበላሽቷል። ወርቁ ላይ ጠቆር ያሉ የጣት መልኮች ወጥተዋል። የወርክሾፑ ባለቤት፣ የዓሚ ኑሩም ከፊል የሆነው ሰው፣ የሆቴሉን ተወካይ ይዞ ቆሟል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ በዚያን ሰዓት ግን ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ለተወካዩ "ይህን ያደረገው ሰው ዛሬውኑ ከዚህ ይወጣል፣ ወላሂ!" ብሎ በሁላችን ፊት ማለ። ከዚያ ዞሮ እኔን አየኝ። የእኔ ኢቃማ የሌላ ከፊል ነው፤ በእሱ ቤት መሥራት አይፈቀድልኝም። አንድ ስልክ ቢደውል በማግስቱ ተጠርዤ ወደ አገር ቤት የምሳፈር ነኝ። "ሙሐመድ፣ የደረደርከው አንተ ነህ። ኸላስ፣ ልብስህን ሰብስብ" አለኝ።

እጀታው ፊቴ ነበር። አራት ጣት ይታያል፤ ሌባ ጣቱ ከሌሎቹ አጥሮ ቀርቷል። የማን እጅ እንደሆነ አወቅሁ። ብናገር እሳቸው መካን ያጣሉ፤ ዝም ብል እኔ እንጀራዬን አጣለሁ። ወደ እሳቸው እንኳ ቀና ብዬ አላየሁም፤ ዓይኔ እንዳይናገር ፈርቼ።

ዓሚ ኑሩ ቀስ ብለው ጓንታቸውን አወለቁ። እጀታውን ከረድፉ አነሱ። በሥራ ክፍል ውስጥ በባዶ እጃቸው ብረት ሲነኩ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ጣቶቻቸውን በጥቋቁሮቹ መልኮች ላይ አንድ በአንድ አሳረፉ። ልክክ አለ። አጭሯ ጣት አጭሯ ቦታ ላይ ገባች።

ከፊሉ ወደ ጆሯቸው ጠጋ አለ። "ዓሚ ኑሩ፣ እጅህን አንሳ። እኔ ምንም አላየሁም" አላቸው በዝግታ።

"አንተማ ደግ ነህ" አሉት። "ግን ብረቱ ያየውን እኔ አላየሁም አልልም። ልጁን ተወው።"

ተወካዩ ቆሟል፤ መሐላው ወጥቷል። ኢቃማቸው ሊታደስ የቀረው ጥቂት ነበር፤ ሳይታደስ ቀረ። እኔ ስለምን ብዬ ብጠይቃቸው ተቆጡኝ። "አንተ አገር አለህ ብዬ ዝም ብል፣ ከዚያ በኋላ ሐረም ገብቼ ምን ብዬ ልሰግድ ነው? አብሽር፣ ሙሄ። አላህ መካ ብቻ አይደለም ያለው።" አብሽር፣ አይዞህ ማለታቸው ነው፤ አይዞህ መባል የነበረባቸው ግን እሳቸው ነበሩ።

የሄዱ ቀን ሩሰይፋ ቤታቸው በር ላይ ቆመን ነበር። ሐናን አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ አልለቅ አለች። ተራዬ ሲደርስ እጄን ዘረጋሁ፤ ከእንግዲህ የሚጠብቃቸው ብረት የለማ። እጃቸው በልማዱ ወደ ደረታቸው ሄደ። አጎነበሱልኝ። "ያላ፣ ይረፍዳል" ብለው መኪናው ውስጥ አስገቧቸው፤ የእኔ እጅ እዚያው እንደተዘረጋ ቀረ። ትዝ ያላቸው መኪናው ከተንቀሳቀሰ በኋላ ይመስለኛል፤ ያቺን ጎዶሎ እጃቸውን በመስኮት አውጥተው እስኪርቁ አውለበለቡልኝ።

ወሎ ከደረሱ በኋላ አንድ ጊዜ ረዘም አድርገን በስልክ አወራን። "ቦርከናን አየሁት" አሉኝ። "እናቴ አልዋሸችም፣ ይሞላል።" ዘመዶቻቸው እንዳከበሯቸው፣ ማሩም ቅቤውም እንዳልጎደለ ነገሩኝ። ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። "ግን ሙሄ፣ ቅብላው አስቸገረኝ። ሩሰይፋ ሆኜ ዕድሜዬን ወደ ምሥራቅ ነው የሰገድኩት፤ እዚህ ካዕባ በሰሜን ነው። እየረሳሁ ወደ ምሥራቅ እቆማለሁ። ልጆቹ ትከሻዬን ይዘው ያዞሩኛል።" ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። አሁንም ይህን ስጽፍ ያስለቅሰኛል።

እሳቸው ከሄዱ ወዲያ ከፊሉ የእኔን ኢቃማ ወደ ራሱ አዛወረው፤ ሥራውን የሚያውቅ ሌላ ሰው አልነበረውምና። የእሳቸውን ቦታ ይዤ፣ የእሳቸውን ቢስሚላህ እያልኩ ብረት አጥባለሁ። በዚህ ኮርቼ አላውቅም። የተበላሹት እጀታዎች ለቁራሌው ሊጫኑ ሲሉ አንዷን ለመንኩት። ከፊሉ የትኛዋ እንደሆነች አይቶ ፊቱን አዞረና "ውሰዳት" አለኝ። ካራንቲና ያለችው ክፍላችን በሯ ኮምፔርሳቶ ነው፤ መዝጊያዋም ገመድ ነበር። እጀታዋን እዚያ ገጠምኳት። ሰፈሩ ሲስቅብኝ ሰነበተ፤ "የሱልጣኑ በር" አሉን። አዲስ የመጣ ልጅ ሲኖር መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ጨርቅ አርሶ ያንን ጥቁር መልክ መፈግፈግ ነው። "አትድከም" እለዋለሁ፣ "እድፍ አይደለም።"

ሐናን ባረዳችኝ ሳምንት ስለ እሳቸው ዑምራ ላደርግ መካ ወጣሁ። ኢህራም ለብሼ "ለበይከ ዓን ኑሩ" ብዬ በስማቸው ነየትኩ። ጠዋፉን ዞርኩ፣ ሰዕዩን ጨረስኩ፣ ፀጉሬን ተላጭቼ ከኢህራም ወጣሁና በሚስፈላ በኩል ሳልፍ አንድ የሽቶ ነጋዴ የዑድ ብልቃጡን ከፍቶ "ተፈደል፣ እንካ!" አለኝ። እጄ ከእኔ ቀድማ ወደ ኋላ ሸሸች። ቆምኩ። ከዚያ መልሼ ዘረጋኋት። መዳፌን እስኪበቃው አሸልኝ፤ "አላህ ይቀበልህ" አለኝ።

ጅዳ ስደርስ ፀሐይ ልትገባ ነበር። በራችን ፊት ቆሜ እጀታዋን ዘይት በጠገበ እጄ ያዝኳት። ምንም አትሆንም፤ ከእቶን በኋላ ምንም አይጎዳውም ብለውኛል። ጣቶቼ በጣቶቻቸው ላይ አረፉ፤ ሌባ ጣቴ ብቻ የእሳቸውን አልፋ ሄደች። ዓሚ ኑሩ በሕይወት ሳሉ አንድ ቀን እንኳ ጨብጠውኝ አያውቁም። አሁን ቤቴ በገባሁ ቁጥር እንጨባበጣለን።